መሪው ላይ ያሉት ቁልፎች ሲያኮርፉ

ነገሩ የጀመረው በራዲዮ ድምፅ ነው። አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ የሚኖር፣ ከሬጋን አየር ማረፊያ መንገደኛ እያመላለሰ ቤተሰብ የሚያስተዳድር አንድ ወገን፣ ካምሪው መሪ ላይ ያለችውን የድምፅ መጨመሪያ ቁልፍ ቢጫናት ቢጫናት ራዲዮው አልሰማ አለው። እጁን ዘርግቶ ራሱ ራዲዮው ላይ ሲያዞረው ግን ይሠራል። «ለዚህ ብሎ ጋራዥ የሚሄድ ማነው» ብሎ ተወው። በሳምንቱ የስልክ መቀበያዋ ቁልፍ ተከተለች። መኪናው ቀጥ ብሎ ሲሄድ ትሠራለች፤ ወደ ግራ ሲታጠፍ ታኮርፋለች። ይህኛው እንደ ራዲዮው በቀላሉ የሚታለፍ አልነበረም። በቨርጂኒያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ እየነዱ ስልክ በእጅ መያዝ ክልክል ነው፤ ዲሲ ደግሞ ይህን የከለከለው ገና በ2004 ነው። በስልክ እየተጠራ እንጀራውን ለሚበላ ሾፌር መሪው ላይ ያለችው ቁልፍ የቅንጦት ዕቃ አይደለችም።

ብዙም ሳይቆይ ክላክሱ ዝም አለ። ቀጥሎ ዳሽቦርዱ ላይ የኤርባግ መብራት በራ፤ በርቶም ቀረ። የዓመቱ የመኪና ምርመራ ጊዜ ደርሶ ነበርና መርማሪው ሁለቱንም ጉድለት ጽፎ የመውደቂያውን ስቲከር መስተዋቱ ላይ ለጠፈለት። በቨርጂኒያ ክላክሱ የማይጮህ መኪና አያልፍም፤ የኤርባግ መብራቱ በርቶ የሚቀርም እንዲሁ። ስቲከሩ ከተለጠፈ በኋላ ለማስጠገኛ የሚሰጠው ጊዜ 15 ቀን ነው።

ሾፌሩ መጀመሪያ የሄደበት ጋራዥ ሦስት በሽታ አገኘሁ አለው። ራዲዮው ተቃጥሏል፤ ክላክሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ኤርባጉ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ሦስቱ ሒሳብ ሲደመር ከ1,400 ዶላር በላይ ሆነ። ራስ ምታት፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ይዞት ሐኪም ቤት ለሄደ ሰው ሦስት የተለያየ መድኃኒት እንደማዘዝ ያለ ነው። አገር ቤት ያደገ ሰው ሁሉ ግን ይህ አንድ በሽታ መሆኑንና ስሙም ወባ መሆኑን ያውቃል።

ሾፌሩ ገንዘቡ ስላልነበረው እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ ጓደኛው «እኔ እፈታዋለሁ» ብሎ ካቻቢቴ ይዞ መጣ። ቦታው አንድ ምግብ ቤት መኪና ማቆሚያ ነበር። ጓደኛው የመሪውን ጎን መጎርጎር ሲጀምር፣ ድሮ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የመኪና ኤሌትሪክ ሲሠሩ የኖሩ፣ እዚህም በዚያው ሙያ ያረጁ አንድ አዛውንት ከምግብ ቤቱ እየወጡ ነበርና አይተው ቆሙ።

«ባትሪው ተነቅሏል?» ብለው ጠየቁ።

«ጋሼ፣ ቁልፉ እኮ ጠፍቷል» አለ ጓደኛው።

«መኪናው ጠፋ እንጂ እሱ አልተኛም። እጅህን አንሳ ልጄ፤ ፊትህንም ራቅ አድርግ።»

አዛውንቱ አላጋነኑም። ኤርባጉን የሚያዘው ኮምፒውተር በግጭት ጊዜ ባትሪው ቢበጠስ እንኳ ትራሱን ማፈንዳት እንዲችል ለራሱ የሚያስቀምጠው የኤሌትሪክ ስንቅ አለው። ስለዚህ የባትሪው ነጌቲቭ ከተነቀለ በኋላም ያ ስንቅ እስኪያልቅ መጠበቅ ግድ ነው። ቶዮታ በጥገና መጽሐፎቹ ቢያንስ 90 ሰከንድ ጠብቁ ይላል፤ ከዚያ የበለጠ ደቂቃዎች የሚያስጠብቁ ፋብሪካዎችም አሉ። ትራሱ የሚነፋው ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ነውና፣ ፊቱን መሪው ላይ ደፍቶ ቡሎን የሚፈልግ ሰው ለመሸሽ ጊዜ የለውም። የቴስተር ነገርም አለ። ኦም ለመለካት ሲባል ቴስተሩ ራሱ ጥቂት ኤሌትሪክ ወደ ሽቦው ይልካል። ያቺ ጥቂት ኤሌትሪክ ኤርባጉን ልትቀሰቅስ ትችላለች ተብሎ ስለሚሰጋ የኤርባግን ገመድ በተራ ቴስተር መለካት ፈጽሞ የተከለከለ ነው። መለያው ቀላል ነው፤ ቢጫ ሶኬት ወይም ቢጫ ሽፋን ያለው ሽቦ የኤርባግ ነው፤ አይነካም።

ካቻቢቴው ተቀመጠ። አዛውንቱም መኪናውን ሳይነኩ መጠየቅ ጀመሩ። ብዙ ጋራዥ የሚስተው ይህንኑ ነው፤ ቴስተር ከመውጣቱ በፊት መልሱ ግማሽ መንገድ የሚመጣው በጥያቄ ነው። የትኛው ቁልፍ ሞተ? ብቻውን ነው ወይስ ከነጓደኞቹ? ሁልጊዜ ነው ወይስ መሪው ሲዞር? ከዚያ በፊትስ መኪናው ላይ ምን ሥራ ተሠርቶ ነበር?

የጥያቄዎቹ ምክንያት ግልጽ የሚሆነው መሪው ውስጥ ያለውን ነገር ላወቀ ሰው ነው። መሪ ይዞራል፤ ከሥሩ ያለው ግንድ ግን ቆሞ ይቀራል። ታዲያ ሽቦው ሳይጠመዘዝ ከሚዞረው ወደማይዞረው እንዴት ይሻገራል? የሚሻገረው እንደ እጅ ሰዓት ሞላ በተጠቀለለ፣ እንደ ጥብጣብ ጠፍጣፋ በሆነ ገመድ ነው። ይህ ገመድ በክብ የፕላስቲክ ቤት ውስጥ ተቀምጦ መሪው ወደ አንድ ወገን ሲዞር ይጠባል፤ ወደ ሌላው ሲዞር ይላላል። ብዙ ሰው ክሎክ ስፕሪንግ ይለዋል፤ ቶዮታ ስፓይራል ኬብል ብሎ ይጠራዋል። የራዲዮው ቁልፍ፣ የስልኩ፣ የክሩዝ ኮንትሮሉ፣ የክላክሱና የኤርባጉ መሥመር ሁሉም የሚያልፉት በዚያች አንድ ጥብጣብ ላይ ነው።

እንግዲህ ፍርዱ ከዚህ ይጀምራል። አንዲት ቁልፍ ብቻዋን ከሞተች ችግሩ ያለው እዚያችው ቁልፍ ውስጥ ነው። በአንድ ወገን ያሉት ሁሉ አብረው ከሞቱና የቀረው ሁሉ ደህና ከሆነ፣ የዚያ ወገን የቁልፍ ሰሌዳ ወይም ሶኬቱ ይጠረጠራል። የራዲዮው ቁልፎች ብቻ ሞተው ክላክሱም ክሩዝ ኮንትሮሉም ከሠሩ፣ መሪውን ትቶ ወደ ራዲዮው ማየት ይሻላል። በተለይ ራዲዮው በቅርቡ ተቀይሮ ከሆነ። ፋብሪካው ያልሠራው ራዲዮ የመሪውን ቁልፎች ቋንቋ የሚያውቀው በብዙ ጊዜ አስተርጓሚ የሆነች ትንሽ ሳጥን ሲገጠምለትና ከዚያ መኪና ጋር ስትላመድ ነው። ርካሽ ራዲዮ ተገዝቶ በጓደኛ ሲገጠም የምትረሳው ያቺ ሳጥን ናት። ከዚያ በኋላ «መሪው ተበላሸ» ይባላል። ራዲዮው፣ ስልኩና ክላክሱ አንድ ላይ አኩርፈው፣ በዚያ ላይ የኤርባግ መብራት ከበራ ግን አራት ዓይነት ሽቦ በአንድ ሳምንት በየራሱ አይበጠስም። የጋራ መንገዳቸው ተበላሽቷል ማለት ነው።

ክላክሱን ለመፈተሽ አዛውንቱ ምንም አልፈቱም። የመኪናውን ቁልፍ ተቀብለው ቀይዋን የድንገተኛ ጊዜ ጩኸት ተጫኑ። ክላክሱ አካባቢውን አናወጠው፤ ምግብ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወጥቶ አየ። ክላክሱ ራሱ፣ ፊውዙና ሪሌው ደህና መሆናቸው በአምስት ሰከንድ ታወቀ። መሪው ላይ ያለው የክላክስ ቁልፍ ሥራው የሪሌውን ሽቦ ማሳ ማስነካት ብቻ ነው፤ ስለዚህ የቀረው ተጠርጣሪ ከቁልፉ እስከ ሪሌው ያለው መንገድ ሆነ። (በአንዳንድ መኪና ማስጠንቀቂያው የራሱ የተለየ ክላክስ አለውና ይህ ሙከራ እዚያ ላይ አይሠራም።)

ልኬቱ የተደረገው በማግስቱ ነው። አዛውንቱ መሪውን አልፈቱም፤ የፈቱት ራዲዮውን ነው። ራዲዮው ጀርባ ካለው ሶኬት ላይ ከመሪው የሚመጡትን ሁለት ሽቦዎች፣ ማለትም የምልክቱንና የመመለሻውን፣ ሶኬቱን ከራዲዮው ነቅለው በኦም ለኩ። የዚህ ዘዴ ጥቅሙ ከኤርባጉ ርቆ መለካቱ ነው። ሌላም ጥቅም አለው፤ መንገዱን በሙሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያሳያል።

ለመሆኑ በአንድ ሽቦ ብዙ ቁልፍ እንዴት ይታዘዛል? አንድ በር ላይ የሚያንኳኩ ብዙ እንግዶች እንዳሉ ማሰብ ነው፤ ባለቤቱ ማን እንደመጣ የሚያውቀው በአንኳኳው ስልት ነው። ከእያንዳንዷ ቁልፍ ጀርባ መጠኗ የተለያየ ሬዚስተር አለች። ራዲዮው በሽቦው ላይ ትንሽ ቮልት፣ በብዙ መኪና 5 ቮልት አካባቢ፣ ይልካል። ቁልፍ ሲጫኑ ቮልቱ በዚያች ቁልፍ ሬዚስተር ልክ ይወርዳል፤ ራዲዮው ያን ለክቶ የትኛዋ እንደተጫነች ይለያል። በብዙ የቶዮታ ሞዴሎች ጣቢያ ወደፊት ማሳለፊያዋ ዜሮ ኦም አካባቢ ናት፤ ወደኋላ መመለሻዋ 330 አካባቢ፤ ድምፅ መጨመሪያዋ 1,000፤ ድምፅ መቀነሻዋ 3,100 አካባቢ። ምንም ሳይጫኑ ደግሞ 100,000 ኦም ገደማ ይነበባል። ይህ የመጨረሻው ቁጥር በብዙዎች ዘንድ የተናቀ ነው፤ ለመርማሪ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ማንም ሳይጫን 100,000 ካሳየ መንገዱ ከራዲዮው እስከ መሪው ድረስ ያልተበጠሰ ነው። ምንም ቁጥር ካላሳየ ግን መሐል ላይ ተቆርጧል ማለት ነው።

መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ ሁሉም ቁጥር በየቦታው ተገኘ። 330፣ 1,000፣ 3,100፣ ሳይጫን 100,000። ስለዚህ ቁልፎቹ ጤነኛ ናቸው። ሾፌሩ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መሪውን ቀስ አድርጎ ወደ ግራ እንዲያዞር ታዘዘ። ሩብ ዙር ሳይሞላ ቁጥሩ መዝለል ጀመረ፤ ትንሽ እንደተጨመረ ጭራሹን ጠፋ። ወደ ቀጥታው ሲመለስ ተመለሰ። «ራዲዮው ምንም አልሆነም» አሉ አዛውንቱ፤ «ሌላ ራዲዮ ገዝተህ ቢሆን ኖሮ አዲሱም ዝም ይልህ ነበር።»

እዚህ ላይ አንድ ሌላ መኪና ሊነሳ ይገባዋል፤ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር የአንዲት ነርስ ኮሮላ። የእሷ ችግር የሚያስቅ ነበር። ድምፅ መጨመሪያዋን ስትጫን ድምፁ ይቀንሳል። ሰይጣን ገብቶበታል ያላትም ሰው ነበር። የገባበት ግን ማኪያቶ ነበር፤ ከብዙ ስኳር ጋር። ሌሊት ሥራ ስትሄድ መሪው ላይ የፈሰሰው ማኪያቶ ቁልፏ ውስጥ ገብቶ ደርቆ ኤሌትሪኩ የሚነካካበትን ቦታ ሸፍኖታል። ያ ቆሻሻ ራሱ እንደ ሬዚስተር ሆነ። 1,000 ኦም መሆን የነበረበት ላይ ሌላ 2,000 ሲጨመርበት ራዲዮው 3,000 አካባቢ አነበበ፤ 3,100 ደግሞ የድምፅ መቀነሻ ስም ነው። ራዲዮው የተነገረውን ነው የፈጸመው። ሰሌዳው በባለሙያ ወጥቶ፣ ተከፍቶ፣ በኤሌትሪክ ማጽጃ ስፕሬይ ታጥቦ ሲደርቅ ቁልፏ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ቁልፍ ሞተ ሲሉና ቁልፍ ተሳሳተ ሲሉ ልዩነት አለው። የሞተ መቆረጥን ያመለክታል፤ የተሳሳተ ቆሻሻን ወይም ዝገትን።

በአዳዲስ መኪኖች ላይ ይህ የኦም ልኬት ላይሠራ ይችላል። በብዙዎቹ መሪው ውስጥ ትንሽ ኮምፒውተር አለች፤ የቁልፎቹን ትእዛዝ ሰብስባ በቁጥር ቋንቋ በአንድ ሽቦ ታስተላልፋለች። እዚያ ላይ ኦም መለካት ትርጉም የለውም፤ በስካነር ገብቶ ቁልፉ ሲጫን ኮምፒውተሩ ያየዋል ወይስ አያየውም ብሎ ማንበብ ነው። የቡድን ፍርዱ ግን እዚያም አይለወጥም፤ መሪ ሲዞር የሚመጣና የሚሄድ ችግር ዞሮ ዞሮ የሚዞረው ገመድ ችግር ነው።

ወደ ካምሪው እንመለስ። ያልተመለሰው ጥያቄ «ከዚያ በፊት ምን ተሠርቶ ነበር?» የሚለው ነው። ሾፌሩ መጀመሪያ ምንም አለ። ቆይቶ ግን ትዝ አለው፤ ከሁለት ወር በፊት የመሪው ማርሽ ሳጥን ዘይት ያፈስሳል ተብሎ በዚያው፣ ኋላ ሦስት በሽታ ባገኘለት ጋራዥ፣ ተቀይሮ ነበር። አዛውንቱ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ ምንም አላሉም።

ባትሪው ተነቀለ፤ የፊት ጎማዎቹ ቀጥ ተደረጉ፤ የሚጠበቀው ደቂቃ ተጠበቀ። ኤርባጉ ወጥቶ ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ሰው በማይደርስበት ቦታ ተቀመጠ። በግንባሩ ማስቀመጥ አይቻልም፤ ቢፈነዳ ከሥሩ ያለውን ተንተርሶ እንደ ድንጋይ ይወረወራልና። መሪው ከመውጣቱ በፊት ከግንዱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ምልክት ተደረገበት። ከዚያ አዛውንቱ ጥቅሉን ገመድ በጣታቸው ቀስ ብለው አዞሩት። ትክክለኛ ቦታው ላይ ቢሆን ኖሮ ወደ ሁለቱም ወገን ሁለት ዙር ተኩል ያህል መዞር ነበረበት። ወደ አንዱ ወገን የሄደው ግን አንድ ዙር ተኩል ብቻ ነው፤ ወደ ሌላው ሦስት ተኩል ሄደ። አንድ ሙሉ ዙር ተዛንፏል።

እንዴት እንደተዛነፈ ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። የማርሽ ሳጥኑ ሲወርድ መሪው ከጎማዎቹ ጋር ያለው ግንኙነት ይቋረጣል። በዚያ ጊዜ መሪው መታሰር አለበት፤ በቀበቶም ቢሆን በገመድ። ካልታሰረ የሚሠራው ሰው ሲገባና ሲወጣ ይዞረዋል፤ ሲመለስ ቀጥ ያለ ይመስላል፤ ውስጡ ግን አንድ ዙር ቀድሟል ወይም ዘግይቷል። የዚህ መኪና መሪ ከመሐል እስከ ጫፍ አንድ ዙር ተኩል ገደማ ይዞራል። ገመዱም በዚያ ወገን የቀረው አንድ ዙር ተኩል ነው። ስለዚህ ሾፌሩ መኪና ለማቆም መሪውን እስከ ጫፍ ባዞረ ቁጥር ጥብጣቡ እስከ መጨረሻው ይወጠር ነበር። ወዲያው አልተበጠሰም፤ በሁለት ወር ውስጥ ግን ከላዩ ያሉት ቀጫጭን መሥመሮች አንድ በአንድ ተሰነጠቁ። መጀመሪያ የራዲዮው፣ ቀጥሎ የስልኩ፣ ከዚያ የክላክሱ፣ በመጨረሻም የኤርባጉ። በእነዚያ የመጨረሻ ቀናት ሾፌሩ መንገደኛ ይዞ ቤልትዌይ ላይ ሲሮጥ፣ ልጆቹንም ትምህርት ቤት ሲያደርስ፣ ቢጋጭ ትራሱ አይከፈትለት ይሆናል። መብራቱ የሚለው ይህንኑ ነበር።

ገመዱ ከፋብሪካም ተበላሽቶ የወጣበት ጊዜ አለ። ቶዮታ በኤፕሪል 2014 በዓለም ዙሪያ 6.39 ሚሊዮን ያህል መኪኖችን ለጥገና ሲጠራ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ስፓይራል ኬብል ነበር። የ2009ና የ2010 ኮሮላ፣ እንዲሁም የተወሰኑ ዓመታት ራቭፎር፣ ሃይላንደር፣ ታኮማና ያሪስ በዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። ፎልክስቫገንም በ2015 በአሜሪካ 420,000 ያህል መኪኖችን በክሎክ ስፕሪንግ ምክንያት ጠርቷል። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ዳሽቦርዱ ጥግ በመስተዋቱ በኩል የሚነበበውን ባለ 17 ፊደልና ቁጥር መለያ ለፌዴራሉ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር አስገብቶ ወይም ለመኪናው ወኪል ሰጥቶ ያልተጠገነ ጥሪ እንዳለ መጠየቅ ነው። መጠየቁ በነጻ ነው፤ የታካታ ኤርባግ ጉዳይም በዚያው ይታወቃል። ሌላው ጥንቃቄ የዕቃ ግዢ ነው። ያገለገለ ክሎክ ስፕሪንግ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን መሐሉ የት እንደሆነ ምልክት ሳይደረግበት ወጥቶ ከሆነ ራሱ በሽተኛ ነው። አዲሱ ከነመቆለፊያ ፒኑ ይመጣል፤ ፒኑ የሚነቀለው ከተገጠመ በኋላ ነው። የመሪ አቅጣጫ መለኪያው አብሮ የሚገኝባቸው መኪኖች ደግሞ ገመዱ ሲቀየር በስካነር ዜሮ መደረግ አለባቸው፤ አለዚያ ሌላ መብራት ይበራል።

አዛውንቱ አሮጌውን ገመድ አልጣሉትም። በፕላስቲክ ከረጢት አድርገው ለሾፌሩ ሰጡት፤ የዘይቱ ጊዜ የተከፈለበትንም ደረሰኝ ፈልግ አሉት። የጋራዡ ባለቤት መጀመሪያ «የኛ ሥራ አይደለም» አለ። ከረጢቱ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ አንድ ዙር የተዛነፈው ገመድ ሲታይ፣ ደረሰኙም አጠገቡ ሲዘረጋ፣ ድምፁ ቀነሰ። የአዲሱን ዕቃ ዋጋ ለመክፈል ተስማማ፤ ሾፌሩ ሥራ ፈትቶ የዋለባቸውን ቀናት ግን አልከፍልም አለ። አዛውንቱ ለእጃቸው 120 ዶላር ተቀበሉ። መኪናው በ13ኛው ቀን ምርመራውን አለፈ። መርማሪው ክላክሱን ሲጫን ከሚገባው በላይ ጮኸበት መሰለው፤ ሾፌሩ ግን አንዴ ድገምልኝ ብሎ ለመነው።